አልሰማ ያለ እግር

መስከረም 14

ለተወደድሽው የዘመዴ ልጅ፣ ለቁንጫ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔና እትዬሽ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። ቤቱም ሱቁም እንደነበረ ነው። የሱቁ ጣሪያ ከበሩ በላይ ማፍሰሱን አልተወም፣ እኔም ባልዲ ማስቀመጡን አልተውኩም።

ቁንጫ በማለቴ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላሽም እኔ የማውቅሽ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የወደቀ ቁልፍ ልትለቅሚ ከወዲያ ወዲህ ስትዘይ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአክስቴ ልጅ ይሁን እንጂ ለእኔ ወንድሜ ነበር። "ልጅህን ቁልፍ ለቃሚ አድርጌ ልቅጠራት" ስለው፣ "ቅጠራት፤ ግን ምሳዋን አብልተህ መልሳት" ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ከአምና ጀምሮ አይሰማኝም። መጀመሪያ ግራው ነበር፤ አሁን ቀኙም ወንድሙን ተከተለ። መኪናው ሲዞር እንኳ በደንብ አይሰማኝም፤ በልምድ ብቻ ነው የምሰፋው። ይህ ለደንበኛ የሚነገር ነገር አይደለም። ልብስ ሰፊው እንዲህ ሆነ ከተባለ ጨርቁን ይዞ የሚመጣልኝ የለም። ለእትዬሽም ሁሉን አልነገርኳትም።

መቼም የምትሠሪው ሆስፒታል ነው፤ አንድ መላ አታጪም። "እኔ አንሶላ ነው የማጥበው" እንዳትይኝ። የሥጋ ቤት ድመትም ቢላ አትይዝም፤ ስለ ሥጋ ግን ታውቃለች።

መልስሽን እጠብቃለሁ። የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ።

ጋሼሽ


ጥቅምት 20

ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? እትዬስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ያው ከብስክሌት ጠጋኙ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት በመዶሻው ድምፅ እነቃለሁ።

ፊደሎቼ እንደዚህ የገዘፉት ስለ እርስዎ ተጨንቄ ነው። ጮክ ብዬ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር። ደብዳቤ በዓይን እንጂ በጆሮ እንደማይነበብ ትዝ ሲለኝ አንዱን ገጽ ጨርሻለሁ፤ እንግዲህ እንዳለ ይሁን።

ጋሼ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እዚህ ስንት ወጣት ጆሮው እየደከመ ይታከማል። የጆሮ ክፍሏ ባለሙያ ጋውኗን ልትወስድ ስትመጣ ጠየቅኳት። "በአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ሌላው ከተዛመተ ሁለቱንም ማገዝ ነው" አለችኝ። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ማዳመጫ ልኬልዎታለሁ፤ አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ ነው። ባትሪያቸው ከሸሚዝ ቁልፍ ስለሚያንስ እንዳይጠፋብዎ ይጠንቀቁ። መኪናው ሲዞር ደህና አድርገው እንደሚሰሙት ተስፋ አለኝ።

እስከዚያው እትዬ ከፊት ለፊትዎ ሆነው ያነጋግሩዎት።

ልጅዎ ቁንጫ


ኅዳር 25

ለቁንጫ፤

ሳቄን መቼ እንደምጨርስ እንጃ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ እትዬሽማ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ልጄ፣ ጆሮዬ ምን ሆነ? ጆሮዬማ ጎረቤት ስታማኝ በግድግዳ አልፎ ይሰማል! ያልኩሽ እግሬን ነው። እግሬ አይሰማኝም፣ ደነዘዘብኝ ማለቴ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና በእግሩ የሚረግጥ ሰው "አይሰማኝም" ካለ ሌላ ምኑ ሊሆን ይችላል ብዬ እግር የሚለውን ቃል ዘለልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን ደግሞ የኔን ሞኝነት ስሚ። ዕቃው ሲደርስ እግሬ ላይ የት እንደሚታሰር ስፈልግ አረፈድኩ። ግራና ቀኝ ስላለው አልተጠራጠርኩም። አንዱን በግራ አውራ ጣቴ፣ አንዱን በቀኙ ላይ በክር አስሬ ተቀመጥኩ። "ትንሽ ሞቅ አለኝ" ሁሉ ብያለሁ። እትዬሽ ካርቶኑን ብታገላብጠው የጆሮ ሥዕል አየች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግርሽም።

ለማንኛውም በጆሮዬም ሞከርኩት። በመጀመሪያው ቀን እትዬሽ ጓዳ ሆና የምታጉረመርመውን ቃል በቃል ሰማሁ። ይህን ያህል ዓመት በሰላም የኖርኩት ለካ ባለመስማቴ ነው! አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

እውነቱ ይኸውልሽ። ከጣቶቼ ጀመረኝ፤ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። መርገጫውን ስረግጥ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል። ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ስኳር የለብህም፣ የነርቭ ሕመም ሳይሆን አይቀርም፣ ለተጨማሪ ምርመራ ተመለስ አሉኝ። አልተመለስኩም። መፍትሔ ሳይሆን ቀጠሮ ነው የሰጡኝ።

ከዚያ ያልሞከርኩት የለም። ወጌሻው ሦስት ቀን አሸኝ፤ እግሬ ባይሰማኝም ወገቤ ጮኸ። አንዱ ደንበኛ በርበሬ በዘይት ቀባ አለኝ፤ ቀባሁና ረስቼው በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁ። ሌላው ማግኔት ያለበት የጫማ ገበር አመጣልኝ። ልብስ ሰፊ ማግኔት ሲያደርግ አስቢው! አንድ ቀን ውዬበት ሳወልቅ በሱቁ ውስጥ ጠፋ የተባለ መርፌ ሁሉ ጫማዬ ላይ ተሰብስቦ አገኘሁት። እትዬሽ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አለችኝ።

የሚሻለኝ የሚመስለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ የሚሸጠው የነርቭ ቫይታሚን አለ፤ ካርቶኑ ላይ መብረቅ የወረደበት እግር ተስሏል። ድሮ ለወገቤ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የአንቺ አገሩ ሳይጠነክር አይቀርም። ካገኘሽ ላኪልኝ።

ኑሪልኝ።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 22

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ደብዳቤዎን የእረፍት ሰዓት ላይ ሳነብ በሳቅ ፈነዳሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "ምን ሆንሽ?" ቢሉኝ በምን ቋንቋ ላስረዳቸው? "መስማት" ለጆሮም ለእግርም የሚሆንበት ቋንቋ የላቸውም። አውራ ጣቴን በክር አስሬ አሳየኋቸው፤ ይባስ ግራ ገባቸው።

በሳቅ ማህል ግን ሆዴ ባባ። ሥራዎ በእግርዎ ነው፤ እግርዎ ማለት ቤትዎ ማለት ነው። እባክዎ ወደ ክሊኒኩ ይመለሱ።

የነርቭ ቫይታሚኑን ሁለት ጠርሙስ ልኬያለሁ። ከመደርደሪያው ላይ ጠንካራ የተባለውን ነው የመረጥኩት። በቀን አንድ ፍሬ ይላል።

እትዬን ይሳሙልኝ። ሲያጉረመርሙ እርስዎም ትንሽ ይስሟቸው።

ቁንጫ


ጥር 28

ለቁንጫ፤

እንደ ስምሽ ዘለሽ የደረስሽልኝ ልጄ፣ ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ። መድኃኒቱ ደረሰኝ። የእውነትም ኃይለኛ ነው። ሦስት ሦስት ፍሬ እየዋጥኩ ነው፤ የባለሱቁንም አላቋረጥኩም፣ ሁለቱ ቢረዳዱ ብዬ። አሁን መደንዘዙ ብቻ ሳይሆን ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛልም። ባለሱቁ "መድኃኒት ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ነርቩ እየነቃ ነው" አለኝ።

እጄም ጀማምሮታል፤ ግን ቀላል ነው። መርፌ ላይ ክር መክተት ትንሽ አስቸገረኝ እንጂ።

እየጨረስኩ ስለሆነ ሦስት ጠርሙስ ብትልኪልኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

ጋሼሽ

[በወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት]

ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ እትዬሽ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ስለሆንኩ ሳላሽገው ጻፍኩልሽ። ቀላል ነው ያለሽን እንዳታምኚው። ባለፈው ሳምንት እግሩን በጨው ውኃ ልዘፍዝፍ ብሎ የፈላ ውኃ ውስጥ ከተተው። እኔ በእንፋሎቱ ደንግጬ ስጮኽ እሱ "ምነው፣ ለብ ያለ እኮ ነው" ይለኛል። ቆዳው ተላጠ። አሁን ግድግዳ እየያዘ ነው የሚሄደው። ሁለት ሱሪ አበላሽቶ ለባለቤቶቹ ሌላ ጨርቅ ገዛላቸው። ትናንት ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ የስፌት መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየውና ሄደ። ሊሸጠው ነው። ለእኔ አልነገረኝም፤ ጨርቅ ከሸፈነበት በኋላ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ቁርጡን ንገሪው፤ አንቺን ይሰማል።


የካቲት 24

ጋሼ፤

ሳልሰላምዎ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ ያስቸኩላል።

ጠርሙሱን ዛሬ ይዝጉ። የኔንም የባለሱቁንም። አንድ ፍሬ እንኳ እንዳይወስዱ። ለእትዬ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ለሐኪሙ የሚያሳዩት ነው። እርስዎ ስልክ ላይ "ደህና ነኝ" ብለው ስለሚዘጉ ነው የምጽፈው።

የሆነው እንዲህ ነው። ደብዳቤዎ ሲደርስ ሦስቱን ጠርሙስ ገዝቼ ሥራ ቦታ ባለው ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩ። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት የጋውኑ ቁልፍ ተበጥሶ እኛ ጋ ወረደ። እየተከልኩለት ዝም ብዬ ወሬ ጀመርኩ። ዘመዴ እግሩ ደንዝዞ ይህን እልክለታለሁ ብዬ ጠርሙሱን አሳየሁት። ጀርባውን አነበበ። "በቀን ስንት ይወስዳል?" አለኝ። ሦስት፣ ሌላም ይጨምርበታል አልኩት። "ስንት ጊዜ ሆነው?" ሌላውን ሦስት ዓመት አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጋሼ፣ በዚህ ቫይታሚን ውስጥ ቢ ስድስት የሚባል አለ። በልኩ ሲሆን ነርቭን ይጠቅማል። ሲበዛና ሲቆይ ግን ያንኑ ነርቭ ያደነዝዘዋል፤ ከእግር ይጀምራል፣ ወደ እጅ ይወጣል። እግርዎ የደነዘዘው መድኃኒት አጥቶ ላይሆን ይችላል፤ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ የሚሆነው ሐኪም አይቶ፣ ደም ተመርምሮ ነው። የፈላ ውኃም፣ በርበሬም፣ ማግኔትም ይብቃ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ቫይታሚኑን ስልክልዎ ማንንም አልጠየቅኩም። ሦስተኛ ፎቅ ፋርማሲው ድረስ ወጥቼ መጠየቅ እችል ነበር፤ ለጆሮዎ ጠይቄ ለእግርዎ አልጠየቅኩም። ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ። እኔ ነኝ በእሳት ላይ ዘይት የጨመርኩት። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው።

መኪናውን እንዳይሸጡ። እባክዎ።

ልጅዎ


መጋቢት 28

ጋሼ፤

አንድ ወር አለፈ። እትዬ በስልክ "ክሊኒክ ሄዷል፣ ውጤት ይጠብቃል" ብለውኛል፤ እርስዎን ሲጠሩልኝ ግን "ተኝቷል" ይሉኛል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሚተኛ ልብስ ሰፊ አላውቅም። ተቆጥተውኝ ከሆነ ይቆጡኝ፤ ብቻ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ቁንጫ


ሚያዝያ 20

ለቁንጫ፤

ሰላምታዬ ከነይቅርታዬ ይድረስሽ። ልቆጣሽ? እኔ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው ቸኩዬ ያፈሰስኩት እኔ፣ የለቀምሽው አንቺ። አንድ ፍሬ ያልሽውን ሦስት ያደረገ ማን ሆነና!

ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ካቆምኩ በኋላ ይሻለኛል ብዬ ስጠብቅ ባሰብኝ። ሁለት ሳምንት እግሬ እንደ ፍም ነደደ፤ እጄ መቀስ መያዝ አቃተው። ያን ጊዜ ላንቺ ብጽፍ "ተሳስተሻል" ማለት መሰለኝ። ይህንን ደግሞ መጻፍ አልፈለግኩም፤ የቀረኝ ተስፋ ያንቺ ወረቀት ብቻ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በልጄ ዕድሜ። ደብዳቤሽን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ የዱሮ ካርዴን አስወጣች። "እዚህ ላይ፣ የሚወስደው መድኃኒት የለም ይላል" አለችኝ።

"አዎ፣ የለም" አልኳት።

"ታዲያ ይኼ ሦስት ዓመት የዋጡት ምንድን ነው?"

"እሱማ ቫይታሚን ነው።"

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ልጄ፣ እንዲህ ነው የሆነው። መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ሲሉኝ በንጹሕ ልቤ አልወስድም ብያለሁ። ለእኔ መድኃኒት ማለት የሚመርና ሐኪም የሚያዘው ነው። ቫይታሚን ማለት እንደ ብርቱካን ነው፤ ብርቱካን በላህ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር! አንዲት ቃል ናት እግሬን አንድ ዓመት ያስቀጣችው።

ደሜን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ቁጥሩን አሳየችኝና "ይህን ያህል አይቼ አላውቅም" አለች። እኔም ሞኝ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሌላ ሌላውን ሁሉ መርምራ ንጹሕ ነው አለች። መባሱም የሚጠበቅ ነው፤ ካቆሙ በኋላ ጥቂት ሳምንት ይብስና ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል፣ ግን አብዛኛው ተስፋ አለው አለችኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይሉ የለ? ያቺ ልጅ ከሥሩ ያዘችው። ከክሊኒኩ በር ላይ እትዬሽን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሳልታመም የታመምኩ፣ በራሴ እጅ የታመምኩ ሰው ነኝ፤ ግን በራሴ እጅ የመጣ በራሴ እጅ ይሄዳል። ይህን ያህል ቀሎኝ አያውቅም።

መኪናውን አልሸጥኩም። ገዢው ሲመጣ እትዬሽ ከበሩ ላይ ቆማ "ባለቤቱ ሐሳቡን ለውጧል" አለችው። እኔ ገና አልለወጥኩም ነበር።

ጋሼሽ


ግንቦት 19

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቀጥሎ ሮጬ ወረድኩና ብስክሌት ጠጋኙን፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራውን ሰውዬ፣ እጁን ጨበጥኩት። ግሪስ በግሪስ ሆንኩ። ሦስት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ወረደልኝ።

ለፋርማሲስቱም ነገርኩት። "ዘመድሽ መድኃኒት የለም ያለው ውሸቱን አይደለም፤ እኛ ነን ጥያቄውን ያሳጠርነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ሰው ሁሉ "የምትውጡት፣ የምትቀቡት፣ የምትጠጡት ነገር አለ?" እያለ እንደሚጠይቅ ነገረኝ።

ሦስቱን ጠርሙስ ለገዛሁበት ሱቅ መለስኩ። ገንዘቡን ምን ላድርገው? ምን ልላክልዎ? የሚፈልጉትን ይጻፉልኝ። ይጠይቁኝ፤ መጠየቅዎን ካቆሙ እፈራለሁ።

ቁንጫ


ሐምሌ 30

ለቁንጫ፤

ይህን የምጽፈው ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ቆሜ ነው። ቆሜ!

እጄ ድኗል ማለት ይቻላል፤ ጽሕፈቴን እዪውና ፍረጂ። እግሬ ገና ነው፤ ጣቶቼ ላይ ጉንዳኑ አለ፣ ግን ቁጥሩ ቀንሷል። መርገጫውንም ሲወርድና ሲወጣ አውቀዋለሁ። ሰኞ ዕለት አንድ ሙሉ ኮት ከነገበሩ ጨረስኩ፤ ባለቤቱ ለብሶ በመስታወት ዞር ዞር ብሎ "እጅህ አልጠፋም" አለኝ። ምን እንዳሳለፍኩ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩት።

ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርሽ። ትናንት ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ መሬቱን ስረግጥ "ኧረ ይቀዘቅዛል!" ብዬ ጮኽኩ። እትዬሽ ከጓዳ "ታዲያ ጫማህን አታደርግም!" አለችኝ፣ እንደ ልማዷ እያጉረመረመች። ከዚያ የያዘችውን አስቀምጣ መጣች፣ በሩ ላይ ቆመች። "ምን አልክ?" አለችኝ። "ይቀዘቅዛል አልኩ" አልኳት። እሷም ጫማዋን አወለቀችና አጠገቤ በባዶ እግሯ ቆመች። "እውነትም ይቀዘቅዛል" አለች። ሁለታችን እዚያው ቆመን፣ እሷ እያለቀሰች፣ እኔ እየሳቅሁ፣ ወለሉ እስኪሞቅ ድረስ ቆየን።

እና ምን ልላክልዎ ላልሽኝ፣ መድኃኒት አይደለም፣ ቫይታሚንም አይደለም። ካልሲ ላኪልኝ፤ ወፍራም፣ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ የእትዬሽ።

ጋሼሽ